የግጥሚያ ውጤትን መገምገም፦ ወረቀቱም ቪዲዮውም አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

የካዛንችስ ልጅ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። ከአገር ውጭ በተካሄደ የክለብ ደረጃ የአይፒኤስሲ (በትክክለኛነትም በፍጥነትም የሚዳኝ የተኩስ ስፖርት) ሽጉጥ ግጥሚያ ላይ ሦስት ስቴጅ (ለየብቻ ሰዓትና ነጥብ የሚያዝለት የተኩስ ዙር) ተኩሻለሁ። ምድቤ ፕሮዳክሽን (የፋብሪካ ሽጉጥ ምድብ) ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር፣ ነጥቡ በማይነር (አነስተኛ ኃይል ላለው ጥይት በሚሰጠው ስሌት) የሚያዝ። የውጤት ወረቀቱም ቪዲዮውም በእጄ ነው። ችግሬ ቪዲዮውን ደጋግሜ ባየውም «ፍጥነት ይጎድለኛል» ከማለት ያለፈ ነገር አለማግኘቴ ነው። መጀመሪያ ምን ልይ? ያየሁትንስ ወደ ልምምድ እንዴት ልቀይረው? ቁጥሮቹን አስቀምጣለሁ።

ስቴጅ 1 አጭር ነው፤ 12 ጥይት፣ 60 ነጥብ። እኔ 9 አልፋ፣ 2 ቻርሊ፣ 1 ዴልታ (ከዒላማው መሀል ወደ ዳር ያሉት የነጥብ ክልሎች) በ8.40 ሰከንድ፤ የምድባችን አንደኛ 11 አልፋና 1 ቻርሊ በ6.90።

ስቴጅ 2 መካከለኛ ነው፤ 24 ጥይት፣ 120 ነጥብ፣ 11 የወረቀት ዒላማ (በየዒላማው ሁለት ጥይት) እና 2 ፖፐር (በአንድ ጥይት የሚወድቅ ብረት)። እኔ ፖፐሮቹን ጨምሮ 17 አልፋ፣ 4 ቻርሊ፣ 2 ዴልታ፣ 1 ሚስ (የሳተ ጥይት) በ24.10፤ እሱ 21 አልፋና 3 ቻርሊ በ18.60።

ስቴጅ 3 ረጅሙ ነው፤ 32 ጥይት፣ 160 ነጥብ። አምስት መቆሚያ አለው፣ ሁሉም ዒላማ ወረቀት ነው፤ በየመቆሚያው በቅደም ተከተል 3፣ 4፣ 2፣ 4፣ 3 ዒላማ ይታያል። እኔ 24 አልፋ፣ 6 ቻርሊ፣ 2 ዴልታ በ31.20፤ እሱ 27 አልፋና 5 ቻርሊ በ22.40። ካዝና የቀየርኩት ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መቆሚያ ስሄድ ነው። አራተኛው ላይ ሁለት ዒላማ እንደመታሁ ጥይት አለቀና ስላይዱ (የሽጉጡ ተንሸራታች የላይኛው ክፍል) ወደ ኋላ ቀረ፤ እዚያው ቆሜ ሌላ ካዝና አስገባሁ።

አንደኛ የወጣው ልጅ በእኔው ስኳድ (አብሮ እየዞረ በሚተኩስ ቡድን) ስለነበር የሱም ቪዲዮ በዚያው ስልክ ተቀርጿል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎኑ አራት ሜትር ቢሞላ ነው። እውነተኛ ተኩስ ዘወትር አላገኝም።


ሒሳብ ይቅደም መለሰ፦

ወንድሜ፣ የአንደኛውን ቁጥር ጭምር ይዘህ መምጣትህ ብዙ ያግዛል። ቪዲዮውን ለጊዜው ዝጋው። የመጀመሪያው ግምገማ በእስክሪብቶና በካልኩሌተር ነው፤ ዓይን ጎልቶ የሚታየውን ስህተት ያጋንናል፣ ፀጥ ብሎ የሚያልፈውን ይረሳል።

ለጀማሪ አንባቢዎች ባጭሩ፦ በማይነር አልፋ 5፣ ቻርሊ 3፣ ዴልታ 1 ነጥብ ነው። ሚስ 10 ያስቀንሳል፤ ኖ-ሹት (መመታት የሌለበት ዒላማ) መምታትም፣ የአሠራር ቅጣትም እንዲሁ እያንዳንዱ 10። የተረፈው ነጥብ ለሰከንዱ ይካፈላል፤ የሚወጣው ቁጥር ሂት ፋክተር ነው። ትልቁን ሂት ፋክተር ያመጣው የስቴጁን ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ጋር ሲነጻጸር በሚደርሰው መቶኛ ልክ ያገኛል።

በዚህ መሠረት ስቴጅ 1 ላይ 52 ነጥብ በ8.40፣ ሂት ፋክተርህ 6.19 ነው፤ የሱ 8.41። 73.6 በመቶ ሆነ፣ ከ60 ነጥብ 44.2 አገኘህ። ስቴጅ 2 ላይ 89 በ24.10፣ ማለትም 3.69፤ የሱ 6.13፤ 60.3 በመቶ፣ ከ120 ነጥብ 72.3። ስቴጅ 3 ላይ 140 በ31.20፣ ማለትም 4.49፤ የሱ 6.70፤ 67 በመቶ፣ ከ160 ነጥብ 107.2። ድምሩ ከ340 ነጥብ 223.7 ነው። 116.3 ነጥብ ጠፍቷል፤ የግምገማው ሥራ ይህ 116.3 የት የት እንደሄደ ማግኘት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሂት ፋክተር ማለት በዚያ ስቴጅ ላይ አንድ ሰከንድ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ነው። ስቴጅ 1 ላይ አንድ ሰከንድህ 6 ነጥብ ያህል ነበር፣ ስቴጅ 2 ላይ ከ4 በታች። ስለዚህ «ፈጥኜ ልተኩስ ወይስ ረጋ ብዬ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከስቴጅ ስቴጅ ይለያያል። ነጥቡን ለሂት ፋክተሩ ስታካፍለው ስህተቱ ወደ ሰከንድ ይለወጣል፣ ከዚያ ሁሉንም ስህተት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትችላለህ።

ሚስህን እንመዝናት። ያልተገኘው 5 እና የተቀነሰው 10 ተደምረው 15 ነጥብ ናቸው። 15 ለ3.69 ሲካፈል 4 ሰከንድ ከትንሽ። ያ ዒላማ ላይ አንድ ጥይት ጨምረህ 0.60 ሰከንድ ቢፈጅብህና አልፋ ቢሆን 104 ነጥብ በ24.70 ይሆን ነበር፤ ሂት ፋክተሩ 4.21፣ የስቴጁ ነጥብ 82.4። አሥር ነጥብ በአንድ ጥይት። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ፕሮዳክሽን ላይ በአንድ ካዝና የሚፈቀደው 15 ጥይት ነው። ስለዚህ ዕቅድህ በሁለት የካዝና ቅያሪዎች መካከል ቢያንስ ሁለት ትርፍ ጥይት ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ የጨመርካት ጥይት ሌላ ቦታ ባዶ ሽጉጥ ይዘህ እንድትቆም ታደርግሃለች።


የድምፅ መስመር መለሰ፦

ከላይ ያለው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሰከንዱ የት እንደጠፋ ግን አይነግርህም። እሱን የምታገኘው ከቪዲዮው ድምፅ ነው፣ ከምስሉ አይደለም። በሰከንድ በ30 ፍሬም የተቀረጸ ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስል 0.033 ሰከንድ ነው፣ በ60 ፍሬም 0.017። ድምፁ ግን ከዚያ እጅግ የጠራ ነው። ድምፁን ከቪዲዮው ለይተህ አውጣና ኮምፒዩተር ላይ በኦዳሲቲ ክፈተው፤ በነፃ የሚገኝ ነው። የታይመሩ ቢፕ ረጋ ያለ ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል፣ እያንዳንዱ ተኩስ ደግሞ ድንገት የሚወጣ ሹል ጫፍ ነው። ጎን ባለው ሜዳ የሚተኩስ ካለ የሱ ጫፍ አጠር ይላል፤ እንዳትቆጥረው። ከስቴጅ 3 ጀምር፤ 32 ጫፍ ካላገኘህ ከመቀጠልህ በፊት እንደገና ቁጠር። የመጨረሻው ጫፍ ከወረቀቱ 31.20 ጋር ከሞላ ጎደል መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ቢፑን የያዝክበት ቦታ ተሳስቷል።

ከዚያ ክፍተቶቹን በአምስት ቅርጫት ለይ። ከቢፕ እስከ መጀመሪያው ተኩስ። በአንድ ዒላማ ላይ በሁለቱ ጥይት መካከል ያለው፣ ስፕሊት የምንለው። ከዒላማ ወደ ዒላማ ቆሞ መሻገር። ከመቆሚያ ወደ መቆሚያ መሄድ። ቆሞ ካዝና መቀየር። ባንተ ስቴጅ 3 ላይ 1፣ 16፣ 10፣ 4 እና 1 ሆነው 32 ይሞላሉ። የአንደኛውንም በዚያው መንገድ አውጣ። እሱ ቆሞ ካልቀየረ መሻገሪያው 11 ይሆናል።

ሁለቱንም ሠርተህ ድምሮቹን እዚህ አምጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱን አትሰስተው።


የአራት ኪሎዋ መለሰች፦

ሁለቱ ወንድሞች በሰከንድ ላይ ሲያተኩሩ ቻርሊና ዴልታው እንዳይረሳ እፈራለሁ። ይህ ስፖርት በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ላይ በይፋ ሲመሠረት የያዘው መሪ ቃል ሦስት ነው፦ ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ትክክለኛነት መጀመሪያ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በተለይ ማይነር ለሚተኩስ ሰው፤ በሜጀር (ኃይለኛ ጥይት ለሚተኩሱት በሚሰጠው ስሌት) ቻርሊ 4 ነጥብ ያስገኛል፣ ለኛ ግን 3 ብቻ ነው። አንድ ቻርሊ ከአልፋው 40 በመቶውን ይዞብህ ይሄዳል።

ስቴጅ 3 ላይ 6 ቻርሊ 12 ነጥብ፣ 2 ዴልታ 8 ነጥብ ወስደዋል። 20 ነጥብ በ4.49 ሲካፈል ወደ 4.5 ሰከንድ ነው። በእያንዳንዱ ጥይት 0.10 ሰከንድ ብትጨምርና ሁሉም አልፋ ቢሆን 160 ነጥብ በ34.40 ይመጣል፤ ሂት ፋክተሩ 4.65፣ ካመጣኸው 4.49 ይበልጣል። 0.15 ብትጨምር ግን 36.00 ሰከንድ ይሆንና 4.44 ላይ ይወርዳል፤ ከሰርክ ማለት ነው። ድንበሩ በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ የምወስደው በሁሉም ጥይት ላይ መዘግየት ትርፉ ቀጭን መሆኑን ነው። ዴልታው የወጣው የትኛው ዒላማ ላይ እንደሆነ ካወቅክ ግን እዚያ ላይ ብቻ 0.20 ጨምረህ ሌላውን እንዳለ መተው ትችላለህ።

ያንን ለማወቅ ወረቀቱ አይበቃም፤ ድምሩን እንጂ ዒላማውን አይነግርህም። በሚቀጥለው ግጥሚያ ቀራጭህ ቪዲዮውን ተኩሱ ሲያልቅ እንዳያጠፋው። ሬንጅ ኦፊሰሩ (የተኩስ ሜዳው ዳኛ) ሜዳው ነፃ መሆኑን ካሳወቀ በኋላ ዳኛው ዒላማ በዒላማ እየዞረ «ሁለት አልፋ፣ አልፋ ቻርሊ» ሲል ድምፁ ይቀረጽ። ዒላማውን መንካት የተከለከለ ነው፤ ቀዳዳው ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ መከራከሪያም ማስረጃም የለም።

ቀዳዳዎቹ ሲታዩ የሚናገሩት ነገር አለ። ሁለቱ ተጠጋግተው ከመሀል ከራቁ ማነጣጠሪያው ወይም አያያዙ ነው፤ ሁለቱም ጥይት አንድ ዓይነት ተልኳል። አንዱ መሀል አልፋ ሆኖ ሌላው ወደ ላይ ዴልታ ከሆነ ሁለተኛው የተለቀቀው ሽጉጡ ከርግጫው ሳይመለስ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቀዳዳው ወደ ታችና ወደ ግራ ካዘቀዘቀ ምላጩን ሲስብ መላ መዳፉን እየጨመቀ ነው፣ ወይም ርግጫውን ፈርቶ ቀድሞ ወደ ታች እየገፋ ነው። የስቴጁ መጨረሻ ዒላማዎች ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ እጁ አይደለም፣ ሐሳቡ ወደሚቀጥለው መቆሚያ ቀድሞ ሄዷል።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን አድርግ፦ ተኩሰህ እንደወጣህ፣ ቪዲዮም ወረቀትም ሳታይ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የምታስታውሰውን ጻፍ። የፊት ማነጣጠሪያው ጥይቱ ሲወጣ የት ነበር? የቷ ጥይት ሳተች? ሚስህን ሽጉጡ ሲተኩስ አውቀሃት ከሆነ ችግርህ ውሳኔ ነው፤ ማካካሻ መተኮስ ነበረብህ። ወረቀቱን ስታይ ከደነገጥክ ግን ማነጣጠሪያውን እያየህ አልነበረም። ሁለቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።


የካዛንችስ ልጅ መለሰ፦

እህቴ፣ ሚሷ የገረመችኝ ወረቀቱ ላይ ሳያት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሕመም ነው።

የድምፁን ሥራ ጨርሻለሁ፣ 32 ጫፍ ሞልቷል። የኔ፦ የመጀመሪያ ተኩስ 1.95፤ ስፕሊት በአማካይ 0.32፣ ድምር 5.12፤ መሻገሪያ በአማካይ 0.62፣ ድምር 6.20፤ አራቱ ጉዞዎች 3.10፣ 3.45፣ 4.20፣ 3.88፣ ድምር 14.63፤ ቆሞ ካዝና መቀየር 3.30።

የሱ፦ የመጀመሪያ ተኩስ 1.45፤ ስፕሊት 0.24፣ ድምር 3.84፤ መሻገሪያ 0.45፣ 11 ጊዜ፣ ድምር 4.95፤ ጉዞዎቹ በድምሩ 12.16። ቆሞ አልቀየረም፣ ሁለቱንም ካዝና የቀየረው በጉዞ ላይ ነው።


የድምፅ መስመር መለሰ፦

ጥሩ ሥራ ነው። ልዩነቱ 8.80 ሰከንድ ነው፤ እናከፋፍለው። የመጀመሪያ ተኩስ 0.50። ስፕሊት 1.28። መሻገሪያ 1.70። ጉዞ 2.47። ቆሞ መቀየር 2.85፤ ምክንያቱም አንተ 3.30 በፈጀህበት ቦታ እሱ በ0.45 ተሻግሯል። ሲደመር 8.80።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ ተመልከት። ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ የሚለማመደው ምላጭ ቶሎ ቶሎ መሳብ ነው። ካንተ ኪሳራ ውስጥ የምላጩ ድርሻ ከሰባት አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ቆሞ መቀየርና ጉዞ ተደምረው 5.32 ናቸው፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፤ ሁለቱም ሽጉጡ ዝም ያለበት ጊዜ ነው። «ዘገየሁ» ስትል የዘገየው ጣትህ አልነበረም።

ቆሞ መቀየሩን እንፍታው። ከአንደኛው መቆሚያ ስትለቅ ቀየርክ፤ አዲሱ ካዝና 15 አለው፣ ሽጉጡ ውስጥ የጎረሰች 1 አለች፣ 16 ሆነ። ሁለተኛው መቆሚያ 8፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው ላይ ገና 4 ስትተኩስ 16 ሞላ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከመተኮስህ በፊት በወረቀት ላይ የሚታወቅ ነበር። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ስትሄድ መቀየር ነበረብህ፤ ያኔ 3 ጥይት ከሚወጣው ካዝና ጋር ይቀራል፤ የጎረሰችው 1 ከአዲሱ 15 ጋር 16 ትሆንና ለቀሪው 14 ጥይት ይበቃል። ዕቅድህ ይህን አያካትትም ነበር ወይስ ረሳኸው?

ሁለተኛው ጥያቄ ሦስተኛው ጉዞህ ነው። ካዝና ሳትቀይርበት ከሁሉም ረጅም ሆኗል፣ 4.20። የመቆሚያዎቹን ርቀት አልነገርከንም፤ ርቀቱ ካልሆነ ሌላ ነገር አለ። አሁን ምስሉን ክፈትና ያንን ጉዞ በፍሬም ተመልከት። ሦስት ቅጽበት መዝግብ፦ ከመጨረሻው ተኩስ እስከ መጀመሪያው እግር መነሳት፣ ከእግር መነሳት ሽጉጡ ወደ ዓይንህ ከፍ እስከሚል፣ ከዚያ እስከ ተኩስ። ከመውጫው የጠፋ ሰከንድ ክብደትህን ቀድመህ ወደ መሄጃው እግር ስላላዛወርክ ነው። ከመግቢያው የጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡ ደረት ላይ ቆይቶ እግር ከቆመ በኋላ ስለሚነሳ ነው፤ መነሳት ያለበት ሁለት እርምጃ ሲቀር ነው።

ለወደፊቱ ካሜራው ከኋላ፣ በምትተኩስበት እጅ በኩል፣ እግርህም ሽጉጡም የሚታይበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ቀራጩ ዙም አያድርግ። ኮፍያ ላይ የሚሰካ ካሜራ ለማነጣጠር ጥናት ይጠቅማል፣ እግርን ግን አያሳይም።


የድሮ ዳኛ መለሰ፦

ልጆች፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ቪዲዮ ሲገመገም የመጀመሪያው ዙር ለደኅንነት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞና በእያንዳንዱ የካዝና ቅያሪ ጣት ከምላጭ መከለያው ውጭ ነው? ወደ ግራ ስትሮጥ ካዝና ስትቀይር አፈሙዙ ወደ 90 ዲግሪው ድንበር (ከተኩስ አቅጣጫው ወደ ጎን ሊያልፈው ወደማይፈቀደው መስመር) ምን ያህል ተጠጋ? ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ወደ ግራ ሲሮጥ አፈሙዙ ወደ ኋላ የመዞር ዝንባሌ አለው። ዳኛ ሳያየው ያለፈ ነገር በሚቀጥለው ግጥሚያ ከውድድር ያስወጣል፣ ከዚያም የባሰ ሰው ይጎዳል። ይህን ዙር ሳትጨርስ ስለ ሂት ፋክተር አታንሳ።

ሁለተኛ፣ ስህተትንና አቅምን አትቀላቅል። ሚሷና ቆሞ መቀየሩ ስህተት ናቸው። ቆሞ መቀየሩ ባይኖር ስቴጅ 3 በ28.35 ያልቅ ነበር፤ ነጥቡ ከ107.2 ወደ 118 ገደማ ይወጣል። ሚሷ 10 ያህል፣ ይህ 11 ያህል፤ ሁለቱ ተደምረው 21 ነጥብ። የጠፋብህ ግን 116.3 ነው። ስለዚህ ሁለቱን ብታርምም ከ95 ነጥብ በላይ ይቀራል፤ ያ የአቅም ልዩነት ነው፣ በየክፍተቱ በትንሽ በትንሹ የተበተነ። ስህተት በዕቅድና በትኩረት ይታረማል፣ ምናልባት በሚቀጥለው ግጥሚያ። አቅም ግን ወራት ይፈልጋል። ብዙ ተኳሽ ስህተቱን በብዙ ልምምድ ሊያርም ይደክማል፣ አቅሙን ደግሞ «ቀን አልቀናኝም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለቱም ተገላቢጦሽ ነው።

ዕቅድን በተመለከተ፦ ስቴጁን ዞረህ በምታይበት ጊዜ የካዝና ቅያሪን «በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል» ብለህ አትያዘው፤ ጭንቅላት በቢፕ ጊዜ ቁጥር አያስታውስም። ከሚታይ ነገር ጋር እሰረው፤ «ሁለቱን ዒላማ ጨርሼ የግድግዳውን ጠርዝ ስለቅ»። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ከቢፕ እስከ መጨረሻው ተኩስ በውስጥህ ተናገረው። አንድ ቦታ ከተደናቀፍክ ያ ቦታ ሜዳው ላይም ያደናቅፍሃል። ሳይደናቀፍ አምስት ጊዜ ካልሄደልህ ወረፋህ እስኪደርስ ወሬ አትጀምር።

አሁን ቤት። ሳሎንህ ይበቃል። የአይፒኤስሲ ወረቀት ዒላማ ስፋቱ 45፣ ቁመቱ ወደ 57 ሴንቲ ሜትር ነው። በሦስት ስታካፍለው 15 በ19 ይሆናል፤ በኤ4 ወረቀት ይገባል። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወፍራም ወረቀት ላይ ያወጡልሃል፤ ስድስት ቅጂ ይበቃል። በ3 ሜትር ስታየው የ9 ሜትር ዒላማ ያህል ነው። ግድግዳው ላይ በተለያየ ከፍታ ለጥፈው፤ በሁለቱ መካከል አንዳንዴ አንድ ክንድ፣ አንዳንዴ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን።

ሽጉጡ ፈቃድ ያለው ይሁን። ከልምምዱ በፊት ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ስበህ በዓይንም በጣትም ባዶነቱን አረጋግጥ፣ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ቆልፍበት። ልምምዱ ካለቀ በኋላ «አንድ ጊዜ ልድገም» የሚባል ነገር የለም፤ አደጋው የሚደርሰው ጥይት ከተመለሰ በኋላ በምትደገመው አንዲት ምላጭ ነው። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፤ ከኋላው ጎረቤት ወደሌለበት ወገን ዞር። መጋረጃው ይዘጋ፤ በመስኮት ሽጉጥ ያየ ጎረቤት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የታይመሩን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስማ።

ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን። ከሃያው ውስጥ ስምንቱ ለመሻገሪያ ይሁን፤ ዓይን መጀመሪያ ዒላማው መሀል ላይ ያርፋል፣ ሽጉጡ ተከትሎ ይመጣል። የብዙ ሰው መሻገሪያ የሚዘገየው ዓይኑን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ስለሚጎትት ነው፤ ከዚያ አልፎ ይሄድና ይመለሳል። ስምንቱ ለካዝና ቅያሪ፣ በባዶ ካዝና፣ እየተራመድክ። አራቱ ለመምዘዝ። ታይመሩን ከአሥር ስምንቱን በንጽሕና በምትጨርስበት ሰዓት ላይ አድርገው፤ አሥሩም ሲሳካ 0.10 ቀንስ፣ ከስድስት በታች ሲወርድ መልስ።

እግርን ደግሞ ያለ ሽጉጥ። ማለዳ መስቀል አደባባይ ወይም ጃንሜዳ ስፖርት የሚሠራው ሰው ብዙ ስለሆነ ያንተን እንቅስቃሴ ልብ የሚል አይኖርም። አራት የሃይላንድ ጠርሙስ ከአራት እስከ ስድስት ሜትር አራርቀህ አቁም፤ መውጣት፣ መግባት፣ ጉልበት አጠፍ አድርጎ መቆም። እጅህ ላይ ግን ሽጉጥ የሚመስል ምንም ነገር፣ መጫወቻም ቢሆን፣ አይኑር።


የካዛንችስ ልጅ መለሰ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደኅንነቱን ዙር አሁን አየሁት፤ ጣቴ በሁሉም ጉዞ ውጭ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ስሄድ ግን አፈሙዙ ከጠበቅኩት በላይ ወደ ግራ ዞሯል፤ ድንበሩን አላለፈም፣ ግን ተጠግቷል።

ለድምፅ መስመር፦ ቅያሪው ዕቅዱ ውስጥ ነበር። ሦስተኛውን ጉዞ በፍሬም ሳየው ግራ እጄ ወደ ቀበቶው ወርዶ ካዝናውን ነክቷል። ከዚያ አራተኛው መቆሚያ ላይ ያለው መስኮት ሲታየኝ እጄን ባዶውን መልሼ ሽጉጡን ይዣለሁ። ከመጨረሻው ተኩስ እስከ እግር መነሳት 0.70፣ ጉዞው 2.30፣ ሽጉጡ ከተነሳ እስከ ተኩስ 1.20። ርቀቱ ከሁለተኛው ጉዞ ጋር እኩል ነው፣ አምስት እርምጃ።


የድምፅ መስመር መለሰ፦

እንግዲያው ተገኘ። ቅያሪው የዘገየው ከመነሻው ነው። 0.70 ቆመህ ነበር፣ እጅህ ወደ ቀበቶ የሄደው እግርህ ከተነሳ በኋላ ነው፤ መስኮቱ ሲቀርብ ጊዜ እንዳለቀ ተሰማህና ተውከው። መግቢያው ላይ የጠፋው 1.20 ደግሞ ግራ እጅህ አያያዙን እንደገና ሲያስተካክል ነው። በአንድ የተቋረጠ ቅያሪ ጉዞውም ዘገየ፣ ቀጥሎም ቆመህ ቀየርክ።

ልምምዱ ይህ ነው። የመጨረሻውን ዒላማ ሁለተኛ ምላጭ እንደሳብክ ጣትህ ይውጣ፣ አውራ ጣት የካዝና መልቀቂያውን ይጫን፣ ግራ እጅ ወደ ቀበቶ ይውረድ፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር አንድ ላይ ይነሳ። ሳሎንህ ውስጥ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመድ፤ ካዝናው በሁለተኛው እርምጃ ገብቶ ማለቅ አለበት። ሽጉጡ ከፊትህ፣ ክርንህ ጎንህን ነክቶ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ግድግዳ። ወደ ግራ ስትሄድ አፈሙዙን ወደ ቀኝ ገፋ አድርገህ ያዝ፤ የመጀመሪያ ጉዞህን የዞረ አፈሙዝ የሚያርመው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ታይመር፣ በቀን 20 ጊዜ ወደ ግራ፣ 20 ጊዜ ወደ ቀኝ። ካዝናው የማስገቢያው አፍ ላይ እየተጋጨ ካስቸገረህ የካዝና ማስገቢያውን ጉድጓድ እያየህ አይደለም፤ ካዝናው እስኪገባ ዓይንህን እዚያ አቆይ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አንሳው።

እጅህ ቀበቶ ላይ ከደረሰ ደግሞ ቅያሪውን አታቋርጥ። መስኮቱ ቢቀርብም ጨርሰው፤ ግማሽ ሰከንድ ቢያስከፍልህ ነው፣ ቆመህ የቀየርከው 2.85 አስከፍሎሃል።

የስቴጅ 2ን ክፍተቶችም በዚያው መንገድ አውጣና አምጣ። ፖፐሮቹ ጋ ምን ያህል እንደቆየህ ማየት እፈልጋለሁ፤ ብረቱ እስኪወድቅ ቆመህ ከጠበቅክ እዚያም ሰከንድ አለህ።